ጁባ ላይ ማን እንደሆንኩ የጠፋበት ቀን

የልጅ ልጆቼ ‹‹ያንን የጁባውን ንገሪን›› ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። ‹‹ነግሬያችሁ የለ?›› ስላቸው ‹‹ነግረሽናል፤ ግን በነገርሽን ቁጥር ይለያያል›› ይሉኛል። ምን ላድርግ፤ ወሬም እንደ ሰው ነው፣ ሲውል ሲያድር ይወፍራል። ‹‹እንግዲያው ጻፊውና ይርጋ›› ብለው ወረቀትና እስክሪብቶ ጉልበቴ ላይ አኖሩብኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጁን እንጂ ውስጡን አላውቀውም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ምስር ስለቅም ነው። ስታነቡ ጠጠር ካጋጠማችሁ ከምስሩ የመጣ ነውና ተፍታችሁ እለፉ።

ከመነሻው ልነሳ። እግዜር ልጆች ሰጥቶኛል፤ ሲሰጠኝ ግን አንድ ቦታ አላስቀመጠልኝም። አንዷ መተማ፣ አንዷ ሞያሌ፣ አንዱ ቶጎጫሌ፤ ንግድ ያለው እዚያ ነው ብለው አገሪቱ የምታልቅበትን ጫፍ ጫፉን ያዙት። እኔም አንዷ አረገዘች በተባለ ቁጥር ቋጠሮዬን አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። ገንፎ አገነፋለሁ፣ ሕፃን አጥባለሁ፣ አራስ ጠያቂ ሲበዛ እገላምጣለሁ። አራሷ ስትጠነክር ወደሚቀጥለው ሆድ አልፋለሁ። ‹‹ቤትሽ የት ነው?›› ለሚለኝ መልሴ ‹‹የወለደችው ጋ›› ነው።

የመጨረሻዋ ሰናይት ደግሞ ከሁሉም ብሳ ጁባ ገባች። ምግብ ቤት ከፈተች፤ ሎሎጎ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየች። ከዚያ አንድ ቀን ደውላ ‹‹እማዬ፣ አገባሁ፤ ደረጀ ይባላል፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው›› አለችኝና ራሷ ተቆራረጠች። ሽማግሌ የለ፣ ጥሎሽ የለ፤ ሰርጉ ይኸው ነው። አማቼን እኔ አላየሁት፣ እሱም እኔን አላየኝ። ግድግዳቸው ላይ ፎቶዬ ተሰቅሏል ተብዬ ነበር፤ የተነሳሁት ግን ጥርሴ ሙሉ፣ ጸጉሬም ጥቁር በነበረበት ዘመን ነው።

የማያስቀልደው ነገር፣ የሰናይት የመጀመሪያ እርግዝና አልቆመላትም። ሁለተኛው ሲገፋ ደወለችና ‹‹እማዬ፣ ብቻዬን እፈራለሁ፤ ያለ አንቺ አልወልድም›› አለችኝ። ምጥ ቀጠሮ የሚያከብር ይመስል! ድምጿ ግን ልጅ ሆና ጨለማ ስትፈራ የምታወጣው ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ ሰምታ የምትቀመጥ እናት ካለች ታስተዋውቁኝ። ጁባ ተኩስ ከሰማች ገና ዓመት አልሞላትም ነበርና በመኪና የሚባል ነገር አይታሰብም። በአየር ነው፣ አለቀ።

በአየር ለመሄድ ደግሞ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ፓስፖርት ለማውጣት መጀመሪያ መወለድ ያስፈልጋል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አልተወለድኩም ነበር፤ ልጆች ብቻ ነው የወለድኩት። ቀበሌ ሄጄ ምስክር አቁሜ፣ በእርጅናዬ ‹‹መስከረም አንድ ተወልደሻል›› ተባልኩ። እንቁጣጣሽ ቀን! እናቴ በሕይወት ብትኖር ቀኑን ሰምታ ትገረም ነበር፤ እኔን ያማጠችው ጭቃ ሲቦካ ነው።

ከዚያ ጸሐፊዋ ‹‹ስም?›› አለችኝ። ጥበቤ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰው የሚያውቀኝ በደብሪቱ ነው። ነገር ግን የምሳፈረው አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ወደ ላይ የወጣውን ያህል ወደ ታች መምጣቱ አይቀርም፤ አመጣጡ ነው ጥያቄው። ክፉ አይንካኝና ቢከሰከስ፣ አስከሬኔን የሚያነሳው ሰው እጅ ላይ የሚገኘው ፓስፖርቴ ነው። ቄሱ ፍትሐት የሚያደርሱት ደግሞ በክርስትና ስም ነው። ‹‹ደብሪቱን ማርልን›› ቢሉ ሰማይ ቤት ማን ያውቀኛል? አገር አቋርጬ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ነፍሴ በስም ስህተት ስትንከራተት ታያችሁ? ስለዚህ ራቅ አድርጌ አስቤ ‹‹ወለተ ሐና›› ብዬ አስጻፍኩ። ትኬቱን የጨረሰልኝ ደላላ ድርሻውን ከተቀበለ በኋላ ስሜ ጎመን ቢሆንም ደንታ አልነበረውም። ለሰናይትም አልነገርኳት። ልጅ የእናቱን የክርስትና ስም የሚሰማው በቀብሯ ቀን ነው፤ ወጉ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ኤርፖርት ስደርስ ‹‹ጫማዎን ያውልቁ›› አሉኝ። ደስ አለኝ። የተቀደሰ ቦታ መሆኑ ነው፤ ወደ ሰማይ የሚያወጣ ደጅ እንዴት በጫማ ይረገጣል! አውልቄ፣ እንደ ልማዴ ከግድግዳው ጥግ አስቀምጬ፣ አማትቤ ገባሁ። ብዙ ከሄድኩ በኋላ አንዲት ፖሊስ እያለከለከች ደረሰችብኝ።

‹‹እማማ፣ ጫማዎን ጥለው!››

‹‹ስወጣ እወስደዋለሁ፣ ልጄ።››

‹‹በዚህ እኮ አይወጣም!››

እንግዲህ መውጫ የሌለው ቤተ መቅደስ አይቼ አላውቅም ብዬ አደረግኩት።

በረራውን አልተርከውም። ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ስደግም ደረስን፤ የደገምኩት የማውቀውን አንዱን መዝሙር ብቻ ነው፣ እሱንም ደጋግሜ። ጁባ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ተቆጣ ሰው ፊቴን በጥፊ አለኝ። ኤርፖርቱ ያኔ ድንኳን ነበር፤ ወለሉ ኮምፖንሳቶ። በእኛ አገር ድንኳን ሁለት ነገር ነው፣ ሰርግ ወይ ለቅሶ። የቱ እንደሆነ ለመለየት የሠራተኞቹን ፊት አየሁ። ለቅሶ ነው።

አንድ ለግላጋ ፈታሽ ‹‹ታል ሂኒ፣ ማማ›› አለኝ፤ ወዲህ ነይ ማለቱ ነው፣ በእጁም ጠራኝ። ቋጠሮዬን ፈታው። ለእኔ ያ ቋጠሮ አራስ ቤት ነው፦ የገንፎ ዱቄት፣ አጥሚት፣ ተልባ፣ ፌጦ፣ በሶ፣ በጣሳ ቅቤ። ለእሱ ግን ዱቄት፣ ዱቄት፣ ሌላ ዱቄት፣ የማይታወቅ ፍሬ፣ ቀልጦ የሚንጠባጠብ ቢጫ ነገር። ቅቤውን አሽትቶ ራሱን እንደ ኤሊ ወደ ውስጥ ሳበ። ከዚያ በሶው ላይ ቆመ። በፊልም አይቶት ይሆናል፣ ዱቄት የያዘ ሰው ሲያዝ ፖሊሱ በጣቱ ጫፍ ሲቀምስ። የእኔው ግን ወጣትም ነው፣ ምሳም አልበላም፤ እፍኙን ሙሉ ቃመው።

‹‹ኧረ በውሃ ነው፣ ልጄ!›› እያልኩ በእጄ የመጠጣት ምልክት አሳየሁት። ረፍዷል። በሶ ጎርሶ ‹‹ደህና ነኝ›› ማለት የቻለ ሰው ገና አልተፈጠረም። ዓይኑ ወጣ፣ ጉሮሮው ተዘጋ፣ ሲያስለው ከአፉ ነጭ ደመና ወጥቶ የጓደኛውን ፊት ሸፈነው። ጠመንጃ የያዙት ከዳር ከዳር ሮጡ። ሴትዮዋ ሰው መረዘች! ‹‹አንቺም ቅመሺ›› ብለው በምልክት አዘዙኝ። እኔ የበሶ ሰው ነኝ፤ ትንሽ ቆንጥሬ አፌን ዘግቼ በምራቄ አረጥበው ጀመር። በዚህ መሐል ‹‹ይሄ ምንድን ነው?›› ዓይነት ነገር ይጠይቁኛል፣ እኔ አፌ ተይዟል፣ ዝም። ይጮሁብኛል፣ ዝም። በኋላ እንደሰማሁት ‹‹ቃሏን ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም›› ተብዬ ነበር።

‹‹እማማ፣ ውሃ ይጠጡበት።››

ዞር ስል፣ ቁመቱ የድንኳኑን ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ግንባሩ ላይ የአገሩ ጠባሳ የተሰመረበት መኮንን ኮዳ ዘርግቶልኛል። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይጠራል።

‹‹አንተ ከየት መጣህ?›› አልኩት ውጬ ስጨርስ።

‹‹እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፤ እኔ እኮ ቤቴ ነው ያለሁት›› ብሎ ሳቀ። ማጆክ እባላለሁ አለኝ። በስደት ጋምቤላ አድጎ፣ አዲስ አበባ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ ነው። ጓደኞቹን ‹‹በሶ ነው፣ ምግብ ነው›› ብሎ አረጋጋልኝ። እኔም በልቤ ሐና እናቴ መልአክ ላከችልኝ አልኩ። መልአኩ ፓስፖርቴን አነሳ።

‹‹ስምዎ ማን ነው?››

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ስምሽ ማን ነው ሲላችሁ ምን ትላላችሁ?

‹‹ደብሪቱ።››

ፓስፖርቱን አየ፣ እኔን አየ። ‹‹ታዲያ ወለተ ሐና ማን ናት?››

‹‹እሷም እኔ ነኝ።››

‹‹እውነተኛው የቱ ነው?››

‹‹ሁለቱም። ደብሪቱ ለሰው፣ ወለተ ሐና ለእግዜር።››

‹‹ፓስፖርቱ ለማን ነው የወጣው?››

‹‹ለአውሮፕላኑ›› አልኩትና የመከስከሱን ነገር፣ የፍትሐቱን ነገር አስረዳሁት። እየሰማኝ ዓይኑን በመዳፉ አሸ። ‹‹እማማ፣ እኔ ገብቶኛል። ችግሩ ለሙዲሩ ሳስረዳ ነው›› አለኝ።

ሙዲር የሚሉት አለቃቸውን ነው። ከኮምፖንሳቶው ወዲያ፣ ጥላ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ የሚቀመጥ ወፍራም ሰው። አማርኛ አይሰማም፤ እሱ በዓረብኛ ይጠይቃል፣ ማጆክ ያስተረጉማል፣ እኔ እመልሳለሁ። ሁለት ስም ያላት ሴት ሲባል ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ለካስ የአገሩ ጸጥታ ሲጠብቀው የከረመው እኔን ኖሯል።

‹‹ከወታደር ጋር ግንኙነት አለዎት ወይ ይላሉ።››

ውሸት አልችልም። ‹‹ባሌ ወታደር ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።››

የሙዲሩ ቅንድብ ከመነጽሩ በላይ ብቅ አለ። ‹‹ክፍሉ ምን ነበር?››

‹‹ወጥ ቤት።››

‹‹ከዚህ በፊት የት የት ሄደዋል?››

‹‹መተማ፣ ሞያሌ፣ ቶጎጫሌ።››

ሙዲሩ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ካርታ ሄደ። በጣቱ መተማን ነካ፣ ወርዶ ሞያሌን ነካ፣ ተሻግሮ ቶጎጫሌን ፈለገ፣ መጨረሻ ላይ ጁባን መታ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። ማጆክ እንኳን ሲያስተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ‹‹እማማ፣ ሁልጊዜ ድንበር ላይ ምን ይሠራሉ ነው የሚሉት።››

‹‹ገንፎ።››

‹‹ማን ነው የሚልክዎት?››

‹‹ያረገዘችው።››

ማጆክ ከንፈሩን ነክሶ አስተረጎመ። ሙዲሩ አልሳቀም። ለሳቅ የተሾመ ሰው አልነበረም።

ፍርዱ አጭር ነበር። ያመጣኝ አውሮፕላን ውጭ ቆሞ ተመላሽ እየጫነ ነው። ጭኖ ሳይጨርስ ይህችን ሴት አውቃታለሁ የሚል ሰው ከተገኘ እገባለሁ፤ ካልተገኘ በመጣሁበት ወንበር ወደመጣሁበት። ‹‹አማቼ ደጅ ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ደረጀ ይባላል›› አልኩ። ‹‹ልጅዎ ጋ ልደውል›› ብሎ ማጆክ ባትሪው ካለቀው ስልኬ ውስጥ፣ እንዴት እንዳደረገው እሱ ያውቃል፣ ቁጥሯን አወጣና በራሱ ስልክ ደወለ። ያነሳችው ሰናይት አይደለችም። የምግብ ቤቷ ሠራተኛ ናት፤ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎት ሰማኋት፦

‹‹ሰናይት የለችም! አሁን ገና ምጥ ያዛትና ጎረቤት ሆስፒታል ወሰዳት። የደረጀ ስልክ አይነሳም። እናቷን ሲጠብቅ ነው መሰለኝ፤ ‹እማዬ ደረሰች ወይ› እያለች ነው የሄደችው።››

በዚያ ድንኳን ውስጥ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጠመንጃ ነበር፤ ለእኔ የታየችኝ ግን አንዲት ጨለማ የምትፈራ ልጅ ብቻ ናት። ‹‹ሙዲርን ንገረው፤ ልጄ እያማጠች ነው›› አልኩ። ነገረው። ሙዲሩ ‹እዚህ የሚያዝ ሁሉ የምታምጥ ልጅ አለችው› እንደማለት እጁን አወናጨፈ። ‹‹ሰውየውን ጠይቅ። በፓስፖርቱ ስም ብቻ። ሌላውን ስም እንዳትነግረው›› ብሎ ማጆክን ወደ ደጅ ሰደደው። ይህ ፈተና መሆኑ ነው። እኔን ለመፈተን ሳይሆን አማቼን ለመጣል የተዘጋጀ ነበር።

ማጆክ ተመለሰ። ‹‹ወለተ ሐና የምትባል ሴት አላውቅም አለ።››

‹‹ድገመው። ከአዲስ አበባ የመጣች አሮጊት ናት በለው።››

ሄዶ ተመለሰ። ‹‹የምጠብቀው ሌላ ሰው ነው፤ በማላውቀው ሰው ነገር አታስገቡኝ አለ።››

‹‹እባክህ፣ አንድ ጊዜ።››

ሦስተኛውን ሲመለስ ላቡን እየጠረገ ነው። ‹‹በሚካኤል ማለ። ይህችን ሴት ከነመፈጠሯም አላውቃትም አለ።››

እንደ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደኝ፤ ዶሮ ብቻ አልጮኸም። መቼም የጁባ ዶሮ ሁሉ እነሱ ምግብ ቤት ወጥ ሆኖ አልቋል። ልጁን አልፈርድበትም፤ አገሩ ያልተረጋጋ፣ በስህተት የታወቀ ሰው አብሮ የሚታሰርበት ጊዜ ነው። ግን በዚያች ሰዓት እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሽማግሌ ልኮ የጠየቀኝ ቢሆን ኖሮ ረግሜ ልጄን አስመልስ ነበር።

ውጭ የአውሮፕላኑ ድምፅ ተነሳ። ሙዲሩ ሰዓቱን አየና ለማጆክ አንድ ነገር አለው።

‹‹ይግባና በዓይኑ ይያት ነው የሚሉት›› አለኝ ማጆክ። ‹‹ፊትዎን አይቶ ካወቀዎት ይበቃል።››

‹‹ፊቴን እኮ አይቶት አያውቅም!››

‹‹እማማ፣ ይህን አሁን አላስተረጉመውም›› አለኝ ቀስ ብሎ።

ደረጀ ገባ። ወዝ ያለው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ከርከሮ የሚያህል ሰው። ገና ከመጋረጃው ወዲህ ብቅ እንዳለ ማጆክ በአማርኛ ‹‹የሰናይት እናት እሳቸው ናቸው?›› አለው። ሙዲሩ የከለከለው ስሙን እንጂ እናትነቴን አልነበረም። እንግዲህ ያንን ሰው ማየት ነበረባችሁ። ዓይኑ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ሲያርፍ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው ተሰበሰበ። ልጄን ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጥሎሽ፣ በተቆራረጠ ኔትወርክ የወሰደ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር የመጀመሪያ ግንኙነታችን ጠመንጃ የከበበው ድንኳን ውስጥ ይሆናል ብሎ አላሰበም። አንገቱን ደፋ። ወደ ጎን ዞረ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያለ ኮምፖንሳቶው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ግድግዳውም አብሮት ማፈግፈግ ጀመረ።

ሙዲሩ ጮኸበት። ማጆክ አስተረጎመ፦ ‹‹ቀና በል! ፊቷን አይተህ እሷ ናት ወይም አይደለችም በል!››

‹‹እንዴት አድርጌ ነው የማያቸው?›› አለ ደረጀ ለወለሉ። ‹‹በምን ዓይኔ?››

‹‹እይ ብለውሃል!››

‹‹ቢፈልጉ ይሰሩኝ፤ አላይም።››

ሙዲሩ መነጽሩን አወለቀ። ደረጀን አየው። ግድግዳውን የያዘበትን እጁን፣ የተጠማዘዘ አንገቱን፣ በራሱ ትከሻ ፊቱን ሊሸፍን የሚታገለውን ያን ግዙፍ ሰው አየ። ከዚያ ከሆዱ ሥር የተነሳ ሳቅ መጣ። እስኪያለቅስ ሳቀ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ ‹‹ነሲባ! ነሲባ!›› እያለ።

‹‹ምን ነካው?›› አልኩ።

‹‹አማቱ ናት እያሉ ነው። ወንድ ልጅ በዓለም ላይ እንደዚህ የሚቆመው ሚስቱን የወለደችው ሴት ፊት ብቻ ነው ይላሉ›› አለኝ ማጆክ፣ እሱም እየሳቀ። ‹‹በእኛም ወግ አማት አትታይም። ሙዲር እራሳቸው የሚስታቸው እናት ሲመጡ በመስኮት ነው የሚወጡት። መስኮቱን ለዚሁ ብለው ሰፋ አድርገው አሠርተውታል።››

ፓስፖርት ያልመሰከረልኝን፣ ፎቶ ያልመሰከረልኝን፣ አንድ የፈራ አማች በጀርባው መሰከረልኝ። ሙዲሩ ማህተሙን አነሳ። እፎይ ልል ስል ግን ማህተሙ አየር ላይ ቆመ። አንድ ነገር ትዝ ብሎታል።

‹‹ስንት ከብት ሰጠ ይላሉ።››

‹‹ከብት? ጥጃም አልሰጠም።››

‹‹ሽማግሌስ?››

‹‹ማንም አልመጣ።››

የሙዲሩ ሳቅ ጠፋ። በዚያ ቀን የመጀመሪያውን እውነተኛ ወንጀል አገኘ። ባዶ እጁን ልጅ የወሰደ ሰው! ከዱቄቱም፣ ከሁለቱ ስሜም፣ ከመተማና ከሞያሌም ይህ በለጠበት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ፣ ማጆክን በቀኙ አቆመ፣ በበሶ የታነቀውን ፈታሽ ጠርቶ በግራው አቆመ። ማጆክ አዲስ አበባ ሳለ ሽምግልና አይቷል መሰለኝ ሥርዓቱን አሳምሮ ያውቀዋል። ጎንበስ አለና፦

‹‹እማማ፣ ለመቀመጥ አልመጣንም፤ ጉዳይ አለን። ልጃችን ደረጀ ልጅዎን ሰናይትን ወዷል። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን።››

ልቤ ሞላ። እንግዲህ ይህ ነው ወግ ማለት! ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የልጅ እናት ሽማግሌ ሲመጣባት የምትለውን አልኩ፦

‹‹አመጣጣችሁ ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። ከዘመድ ጋር ሳንማከር መልስ አንሰጥም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።››

ሙዲሩ ‹‹ምን አለች?›› ብሎ ሲሰማ እጁ ከነማህተሙ ወረደ።

‹‹እማማ፣ ልጅቷ እየወለደች ነው!›› አለኝ ማጆክ።

‹‹ደንብ ነው፣ ልጄ። እናንተ በደንባችሁ ጠየቃችሁኝ፣ እኔም በደንቤ መለስኩ። የመጀመሪያ ቀን እሺ የምትል እናት አይታችኋል?››

‹‹እትዬ፣ በፈጠረዎት!›› አለ ግድግዳው። ደረጀ ነው፤ አሁንም አልዞረም። ‹‹ሰናይት ያለ እማዬ አልወልድም ብላኛለች። ስትፈራ አይቻታለሁ እኮ። በኋላ ከፈለጉ ይርገሙኝ፣ አሁን ብቻ እንድረስላት።››

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ለካስ ያን የጨለማ ድምፅ እሱም ሰምቶታል። ዘመድ መጠየቁ በዚህ አበቃ።

‹‹ሰጥቻለሁ›› አልኩ። ‹‹ማህተሙን ምታው።››

መታው። ያን ያህል የጮኸ ማህተም ሰምቼ አላውቅም። ሙዲሩ እስከ ደጅ ሸኝቶኝ ‹‹ማአሊሽ፣ ማማ›› አለኝ፤ ይቅርታ ማለት ነው። ደረጀን ደግሞ ከብቱን እንዳይረሳ አስጠነቀቀው። አውሮፕላኑ ያለ እኔ ሲነሳ ከደረጀ ፒክአፕ ላይ ሆኜ አየሁት። መንገዱን ሙሉ አማቼ በመስታወቱ እንኳን አላየኝም፤ አንድ ሁለቴ ቦዳ የሚሉትን የታክሲ ሞተር ልንጨፈልቅ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሰናይት የአልጋውን ብረት ጨብጣለች። ስታየኝ ‹‹እማዬ! ምን አቆየሽ?›› አለች።

‹‹አንቺን ስድር ነበር›› አልኳት። አልገባትም። ወገቧን ያዝኩላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አሁን ይህን ጻፊ ብላ የምትነዘንዘኝ የልጅ ልጄ አገር የሚያውከውን ድምጿን አሰማች። ደረጀ ልጁን ታቅፎ ሲያለቅስ ሳይታወቀው ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። መልከ መልካም ነው፣ ሰናይት አላጭበረበረችኝም።

ማጆክ ከዚያ በኋላ የቤት ሰው ሆነ። እሁድ እሁድ ምግብ ቤቷ ይመጣል፤ ቅዳሜ ምሽት የተሠራ ሽሮ ካልተረፈለት ይቆጣል። ከደጅ ጀምሮ ‹‹ወለተ ሐና ነበረች ወይስ ደብሪቱ ዛሬ ያለችው?›› እያለ ሰው ሁሉ ፊት ያስቅብኛል። እኔ ግን ወደ መተማም፣ ወደ ሞያሌም ሄጄ ስመለስ፣ ሰነዴን የሚያየው እሱ ከሆነ ልቤ ያርፋል።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ለሌላ አራስ ጁባ ስመለስ የማጆክ እናት ለሕክምና ከገጠር መጥተው ሰናይት ቤት ይዟቸው መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ እኔው ትምህርት ቤት ያላዩ ሴት ናቸው። አጠገቤ ተቀመጡ። ልጃቸውን ሲጠሩት ‹‹ማቢዮር›› አሉት፤ እሱም ዞሮ መለሰላቸው። የቤት ስሙ ነው አልኩ በልቤ። ሰናይት ናት ያላስቻላት። ጠየቀቻቸው፤ እሱ ራሱ፣ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ጥሎ፣ የእናቱን መልስ አስተረጎመልን።

ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ማጆክ፣ ታናሹ ማቢዮር። ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደዱ ቀድሞ ካምፕ የደረሰውና የተመዘገበው ታላቁ ነው። ታናሹ ከእናቱ ጋር ዘግይቶ ሲደርስ ማጆክ በወባ ሞቶ አገኙት። ራሽኑም፣ የትምህርት ቤቱ ቦታም በእሱ ስም ነበረ፤ አዲስ የመጣ ደግሞ አይመዘገብም ተብሏል። እናት መሞቱን ለማንም አልተናገሩም። በሌሊት ቀብረው፣ በማግስቱ ታናሹን በታላቁ ስም ወረፋ አስገቡት። በዚያ ስም በላ፣ በዚያ ስም ተማረ፣ በዚያ ስም አገሩ ተመለሰ፣ በዚያው ስም የሰው ማንነት እንዲያጣራ ድንኳኑ ውስጥ ተቀጠረ።

ማጆክ የተቀበረው ጋምቤላ ነው።